የፍቅር ጠላት ማን ነው? ፊደል፣ ፍቅርና አባዜ በሁለት የአፍሪካ ቀንድ ልብ ወለዶች

1. መግቢያ

በአፍሪካ ቀንድ የልብ ወለድ ታሪክ ውስጥ ሁለት መጻሕፍት በአንድ ጥያቄ ላይ ይገናኛሉ። የመጀመሪያው በ1958 ዓ.ም. የታተመው የሐዲስ ዓለማየሁ «ፍቅር እስከ መቃብር» ነው። ሁለተኛው እ.ኤ.አ. በ1974 በሞቃዲሾ የታተመው የፋራሕ ማሐመድ ጃማዕ ዓውል «አቆንደሮ ዋ ኡ ነዓብ ጀዓይል» ሲሆን፣ ርእሱ ወደ አማርኛ ሲመለስ «አለማወቅ የፍቅር ጠላት ነው» እንደ ማለት ይሆናል። አንዱ በጎጃም ደጋ፣ ሌላው በኤደን ባሕረ ሰላጤ ዳርቻ የሚፈጸም ታሪክ ነው። አንዱ ከብዙ መቶ ዓመታት የጽሕፈት ልማድ በኋላ የመጣ ሲሆን፣ ሌላው የቋንቋው መደበኛ ፊደል በታወጀ በሁለተኛው ዓመት የወጣ ነው። በሁለቱም ግን ወንድና ሴት ይዋደዳሉ፤ ፍቅራቸው ወደ ጋብቻ ኑሮ ሳይደርስ በሞት ይቋጫል፤ በሁለቱም ታሪክ ውስጥ ፊደል መካከለኛውን ስፍራ ይይዛል።

የሁለቱ መጻሕፍት አንባቢዎች አብዛኛውን ጊዜ የተለያዩ ናቸው። የአማርኛ ሥነ ጽሑፍ አጥኚ የሐዲስን መጽሐፍ ከአፈወርቅ ገብረ ኢየሱስ «ልብ ወለድ ታሪክ» ጀምሮ ከመጣው ሐረግ ጋር ያነጻጽረዋል። የሶማልኛው አጥኚ ደግሞ የፋራሕን መጽሐፍ ከቃል ግጥሙ ልማድ ጋር ያስተያየዋል። ሁለቱን ጎን ለጎን ማስቀመጥ የሚጠቅመው የሶማልኛው ርእስ አንድ ግልጽ ክስ ስለሚያቀርብ ነው፦ ፍቅርን የሚገድለው አለማወቅ ነው ይላል። ይህ እውነት ከሆነ በዛብህና ሰብለ ወንጌል፣ ሁለቱም ማንበብና መጻፍ እያወቁ፣ ስለ ምን ለመቃብር ተዳረጉ? ይህ ጽሑፍ በዚህ ጥያቄ ዙሪያ ፍቅርና አባዜ በሁለቱ ልብ ወለዶች እንዴት እንደ ተሣሉ ይመረምራል።

2. «ፍቅር ያዘው»፦ የጋራ ሰዋስው

ወደ መጻሕፍቱ ከመግባት በፊት ሁለቱ ቋንቋዎች ስለ ፍቅር የሚናገሩበትን መንገድ ማየት ይገባል። አማርኛ «ወደደ» እና «አፈቀረ» የሚሉ ግሦች አሉት፤ በእነዚህ የሚወደው ሰው ባለቤት፣ የሚወደደው ተሳቢ ይሆናል። ነገሩ ከመውደድ አልፎ ሰውን ከራሱ ሲያወጣው ግን አገባቡ ይገለበጣል። «ፍቅር ያዘው»፣ «ፍቅር ያዛት» ይባላል። እዚህ ላይ አድራጊው ፍቅር ነው፤ ሰውየው ተደራጊ ሆኖ በግሡ መጨረሻ ባለች ቅጥያ ብቻ ይታያል። ይኸው ግሥ «ወባ ያዘው»፣ «ጉንፋን ያዛት»፣ «ዛር ያዘው» በሚሉትም ውስጥ ያገለግላል። ስለዚህ የብርቱ ፍቅር ሰዋስው የበሽታና የመንፈስ ሰዋስው ነው። «ልክፍት» የሚለው ቃልም «ለከፈ» ከሚለው ግሥ የወጣ ሲሆን፣ ሰው ከውጭ በመጣ ነገር መነካቱን ይናገራል። «አባዜ» ደግሞ ሰውን የሚጎትት፣ ሊተወው ቢፈልግ እንኳ የማይለቀው ነገር ነው።

ሶማልኛም እንዲሁ ይላል። «ጀዓይል ባ ኢ ሀያ» ሲባል ቃል በቃል «ፍቅር ይዞኛል» ማለት ነው። «ሀይ» የሚለው ግሥ መያዝን ያመለክታል፤ ትኩሳት ወይም ሌላ ሕመም የያዘው ሰውም በዚሁ ግሥ ይናገራል። አንዱ ሴማዊ፣ ሌላው ኩሻዊ የሆኑ ሁለት ቋንቋዎች በአንድ ምሳሌያዊ አነጋገር መገናኘታቸው በቀንዱ ቋንቋዎች መካከል ለዘመናት የኖረውን መቀራረብ ለሚያጠኑ ሊታሰብበት የሚገባ ነው፤ ሌሎች የዓለም ቋንቋዎችም ፍቅርን ከሕመም ጋር ስለሚያዛምዱ ግን በዚህ ብቻ ተነሥቶ ውርስ ወይም ውሰት ነው ማለት አይቻልም።

በሶማሌዎች ዘንድ ይህ አነጋገር በታሪክም ተደግፏል። በበርበራ የኖረው ገጣሚ ዒልሚ ቦዳሪ ሆዳን ለተባለች ሴት በነበረው ፍቅር ታሞ እንደ ሞተ ይተረካል፤ ስሙም እስከ ዛሬ የፍቅር ሰማዕት ስም ሆኖ ይኖራል። በ1940ዎቹ እ.ኤ.አ. በዓብዲ ሲኒሞ የተጀመረው አጭር የፍቅር ዜማ «በልዎ» መባሉም ከዚሁ ጋር ይሄዳል፤ ቃሉ ከዓረብኛ የተገኘ ሲሆን ፈተናን፣ መከራን ያመለክታል። እንግዲህ ፋራሕ ብዕሩን ሲያነሣ በፍቅር መሞት ለአንባቢዎቹ እንግዳ ነገር አልነበረም። እንግዳ የነበረው ለዚያ ሞት ሌላ ምክንያት መስጠቱ ነው፤ ገዳዩ ፍቅር አይደለም፣ አለማወቅ ነው አለ።

3. በፊደል የተወለደ ፍቅር

ሐዲስ ዓለማየሁ በ1902 ዓ.ም. በጎጃም ተወልዶ በቤተ ክርስቲያን ትምህርት ያደገ፣ ቅኔ የተማረ፣ ኋላም በዘመናዊ ትምህርትና በዲፕሎማሲ ሥራ ያለፈ ሰው ነው። በጣሊያን ወረራ ዘመን ከአርበኞች ጋር ተዋግቶ፣ ተማርኮ በጣሊያን አገር ታስሯል። የቤተ ክርስቲያኑን ትምህርት ቤት ከውስጥ ስለሚያውቀው በልብ ወለዱ ውስጥ ለዚያ ሰፊ ቦታ ሰጥቷል።

በዛብህ የቦጋለ መብራቱና የውድነሽ በጣሙ ልጅ ነው። ወላጆቹ እርሱ ቢያድግላቸው ለእግዚአብሔር አገልግሎት ሊሰጡት ይሳላሉ። ስለዚህ ሕይወቱ ከመወለዱ ጋር በስእለት ታሰረች፤ ማግባት እንደሌለበት እያወቀ አደገ። ትምህርቱ ያደረሰው ግን ወደ ፊታውራሪ መሸሻ ቤት ነው። እዚያ ሰብለ ወንጌልን ማንበብና መጻፍ እንዲያስተምር ተቀጠረ። ፍቅራቸው የተወለደው በዚህ ትምህርት መካከል ነው።

ይህን በዘመኑ የትምህርት ታሪክ ውስጥ ማየት ያስፈልጋል። በቤተ ክርስቲያን ትምህርት ማንበብና መጻፍ አንድ ሙያ አልነበሩም። ተማሪው ከፊደል ገበታ ተነሥቶ ንባብ ይማራል፣ ዳዊት ይደግማል፤ ቁም ጽሕፈት ግን ብራና ከመፋቅና ቀለም ከመበጥበጥ ጋር ለብቻው የሚለመድ የእጅ ሙያ ነበር። ዳዊት የሚያነብ ብዙ ሰው ስሙን እንኳ ላይጽፍ ይችል ነበር። መጻፍ የሚያውቀው ሰው ደግሞ በክታብና በአስማት ይጠረጠራል። የመኳንንት ቤት ሴት ልጅ ሁለቱንም እንድትማር መደረጉ ለቤቱ ክብር ጌጥ ሊሆን ታስቦ ነበር። አባትየው ያላየው ነገር ቢኖር ፊደል ከአስተማሪው ተለይቶ የማይገባ መሆኑን ነው። ሴት ልጁን ከማንኛውም ወንድ ጠብቆ ያኖረ ቤት፣ በፊደል ምክንያት አንድ የባላገር ልጅ በየቀኑ አጠገቧ እንዲቀመጥ ራሱ ፈቀደ።

እዚህ ላይ አማርኛ ራሱ ጥያቄ ያነሣል። ቋንቋው ለሁለተኛ መደብ ነጠላ «አንተ»ን፣ «አንቺ»ን እና የአክብሮቱን «እርስዎ»ን ይለያል፤ ሁለት ሰዎች ሲነጋገሩ ከነዚህ አንዱን ሳይመርጡ አንዲት ዓረፍተ ነገር እንኳ መጨረስ አይችሉም። በመምህርነቱ መከበር የሚገባው በዛብህ በትውልዱ ዝቅ ያለ ነው፤ ተማሪዋ በትምህርት ታናሽ፣ በትውልድ እመቤት ናት። ማን ለማን ማዕረግ መስጠት እንደሚገባው የማያሻማ መልስ የለም። ስለዚህ የትምህርቱ ሰዓት በዚያ ማኅበረሰብ ውስጥ የዕውቀት ደረጃና የዘር ደረጃ ፊት ለፊት የተጋጩባት ጠባብ ስፍራ ነበረች። ፍቅሩ የበቀለውም በዚህ ስንጥቅ ውስጥ ነው።

ስለዚህ በሐዲስ መጽሐፍ ፊደል የፍቅር ጠላት አይደለም፤ እንዲያውም አገናኙ ነው። ሆኖም አገናኝቶ አላዳነም። ነገሩ በታወቀ ጊዜ በዛብህ ወደ አዲስ አበባ ሸሸ፤ ሰብለ ወንጌል ከቤቷ ጠፍታ ተከተለችው፤ እርሱ በመንገድ በሽፍቶች ተመትቶ ሊሞት ሲል አገኘችው። ከዚያ በኋላ የቀራት ምንኩስናና የመቃብሩ ጥበቃ ነው። ሁለት ማንበብ የሚችሉ ሰዎች እርስ በርሳቸው በሚገባ ተረዳድተው ነበር፤ መረዳዳታቸው ግን በቂ አልሆነም።

4. በሌላ ሰው አፍ የተነበበ ደብዳቤ

የፋራሕ ልብ ወለድ ወደ ኋላ ተመልሶ እ.ኤ.አ. ከ1899 እስከ 1920 የዘለቀውን የደርዊሾች ዘመን መቼቱ ያደርጋል። ይህ በሰይድ ማሐመድ ዓብዱላህ ሐሰን መሪነት በእንግሊዞችና በሌሎችም ላይ ጦርነት የተካሄደበት ዘመን ነው። ሰይዱ ራሱ ታላቅ ገጣሚ ስለነበር ጦርነቱ በጥይት ብቻ ሳይሆን በግጥምም ተካሂዷል፤ ግጥሞቹ በቃል ተይዘው፣ ከአንዱ ሰፈር ወደ ሌላው በቃላቸው በሚያደርሱ ሰዎች ይጓዙ ነበር። ዓሊማሕ የዚህ ጦር ሰው ነው። ዓውራላ በባሕር ጉዞ አግኝታው የወደደችው ወጣት ሴት ናት።

ከሐዲስ ታሪክ ጋር ሲተያይ ወዲያውኑ የሚታየው የሚናዎች መገላበጥ ነው። በጎጃም ፊደል አዋቂው ወንዱ፣ ተማሪዋ ሴቲቱ ናት። በሶማሌው ታሪክ መጻፍ የምትችለው ሴቲቱ ናት፤ ጦረኛው ወንድ ፊደል አያውቅም። በጎጃም ሴቲቱ የምትጠበቅ፣ የምትፈለግ፣ የምትመረጥ ናት፤ በሶማሌው ታሪክ ግን ሴቲቱ ራሷ ፍቅሯን ገልጣ ደብዳቤ ትጽፋለች። ደብዳቤው ለደረሰው ሰው ዝም ያለ ወረቀት ነው። ዓሊማሕ ሊያነበው ስለማይችል የሌላ ሰው ዓይንና አፍ ያስፈልገዋል። ለአንድ ሰው ብቻ የተጻፈው ቃል በመጀመሪያ የሚሰማው በሦስተኛ ሰው ድምፅ ነው። ምሥጢርነቱ የሚጠፋው በተጻፈበት ሳይሆን በተነበበበት ቅጽበት ነው።

የዚህን ክብደት ለመረዳት የሶማልኛን ተውላጠ ስም ማስታወስ ይጠቅማል። አማርኛ «እኛ» ብሎ ያበቃል፤ ሶማልኛ ግን አድማጩን የሚያካትተውን «ኢነጋ» እና አድማጩን የማያካትተውን «አነጋ» ይለያል። ሁለት ተዋዳጆች «ኢነጋ» ሲባባሉ «እኔና አንተ» ማለታቸው ነው። ያንኑ ቃል ሦስተኛ ሰው ጮክ ብሎ ሲያነበው ግን የተካተተው ማን እንደ ሆነ ይናወጣል፤ በአንባቢው አፍ ውስጥ ያለችው «እኛ» የማንም አይደለችም። ሁለቱን «እኛ»ዎች አጥርቶ የሚለይ ቋንቋ፣ ደብዳቤው በሌላ ሰው አፍ ሲነበብ በመካከላቸው የሚፈጠረውን መዛባትም አጥርቶ ያሳያል።

ከዚህ ጋር አንድ የታሪክ ነጥብ ይነሣል። በደርዊሾች ዘመን ሶማልኛ መደበኛ ፊደል አልነበረውም። ጽሕፈት በሶማሌዎች ዘንድ ከሁሉ በፊት የዓረብኛ ጽሕፈት ነበር፤ ልጆች በቁርኣን ቤት በእንጨት ሰሌዳ ላይ ፊደል ይለያሉ፣ ከዚያ አልፎ በዓረብኛ ደብዳቤ መጻፍ ግን የጥቂቶች ዕውቀት ነበር። የዑስማን ዩሱፍ ቀናዲድ ፊደል የተፈለሰፈው በዚያ ዘመን መጨረሻ ገደማ ነው። ስለዚህ በልብ ወለዱ ውስጥ ያለው መሃይምነት ከ1974ቱ መሃይምነት ጋር በትክክል አንድ አይደለም። ዓሊማሕ ያላወቀው ዓይነት ጽሕፈት ለአብዛኛው የዘመኑ ጦረኛ የማያስፍር ነበር፤ ክብር የሚለካው በግጥም፣ በፈረስ፣ በጀግንነት ነበርና። ፋራሕ የራሱን ዘመን ጥያቄ ወደ ደርዊሾች ዘመን ወስዶ ተከለው።

5. የ1974 ዓመት

ጥያቄው የዘመኑ ጥያቄ መሆኑ የሚያጠራጥር አይደለም። እ.ኤ.አ. ኦክቶበር 21 ቀን 1972 የሶማሊያ መንግሥት ሶማልኛ በላቲን ፊደል እንዲጻፍ አወጀ። ስለ ፊደሉ ምርጫ፣ ማለትም ላቲን ይሁን ዓረብኛ ወይስ የዑስማን ፊደል በሚለው ላይ፣ ለብዙ ዓመታት የቆየ ክርክር በዚህ ተዘጋ። በ1974 ትምህርት ቤቶች ተዘግተው ተማሪዎችና መምህራን ዘላኖቹን ማንበብና መጻፍ እንዲያስተምሩ ወደ ገጠር ዘመቱ። የፋራሕ መጽሐፍ በዚያው ዓመት በዚያው ፊደል ወጣ፤ ሶማልኛ በአዲሱ ፊደል ካስገኛቸው የመጀመሪያ ልብ ወለዶችም አንዱ ሆነ። መጻፍ የምትችል ሴትና ማንበብ የማይችል ጀግና ያሉበት ታሪክ፣ ገና ማንበብ በጀመረ ሕዝብ እጅ ገባ። ርእሱም ለዘመቻው መፈክርነት የሚመጥን ነበር።

በኢትዮጵያም ያ ዓመት ተራ ዓመት አልነበረም። አብዮቱ የፈነዳው በ1966 ዓ.ም. ነው፤ በታኅሣሥ 1967 ዓ.ም. የዕድገት በኅብረት የዕውቀትና የሥራ ዘመቻ ተማሪዎችን ወደ ገጠር ላከ። ፊታውራሪ መሸሻን የመሰሉ ባለርስቶችና ባለጉልቶች ይኖሩበት የነበረው ሥርዓት በመሬት ዐዋጁ ፈረሰ። በ1971 ዓ.ም. ደግሞ የመሠረተ ትምህርት ዘመቻ ተጀመረ፤ ይህ ዘመቻ እያደገ ሄዶ ሶማልኛን ጨምሮ በ15 ቋንቋዎች ተካሂዷል። በዚያ ዘመቻ ሶማልኛ የተጻፈው በግእዝ ፊደል ነበር። ስለዚህ በአንድ ወቅት በድንበሩ በወዲያኛው ወገን በላቲን፣ በወዲህኛው ወገን በግእዝ ፊደል የሚማር የአንድ ቋንቋ ተናጋሪ ሕዝብ ነበረ። በወዲያ ያለ ዘመድ የጻፈውን ደብዳቤ በወዲህ ያለው ለማንበብ እንደ ዓሊማሕ ሦስተኛ ሰው ያስፈልገው ነበር። ፊደል መማር ብቻውን የመግባቢያ ዋስትና እንዳልሆነ ከዚህ የበለጠ ምስክር አይገኝም።

የሁለቱ መጻሕፍት ስርጭትም ከዚህ ጋር ይያያዛል። «ፍቅር እስከ መቃብር» በተዋናይ ወጋየሁ ንጋቱ ድምፅ በሬዲዮ ተተርኮ መጽሐፉን በእጁ ይዞ ለማያውቅ ብዙ ሕዝብ ደርሷል። በሶማልኛው ልብ ወለድ ውስጥ ደግሞ ፋራሕ በመነሻ ድምፃቸው እየተመሳሰሉ በሚሄዱ ቃላት የተሠሩ የቃል ግጥሞችንና ምሳሌያዊ አነጋገሮችን አብዝቶ አስገብቷል። ጽሕፈትን የሚያወድስ መጽሐፍ ውበቱን የተበደረው ከቃል ነው። መጽሐፉን ወደ እንግሊዝኛ የመለሰውና በ1982 እ.ኤ.አ. ያሳተመው የሶማልኛ ሊቅ ቦጉሚል አንድዤየቭስኪ ለሶማሌ ቃል ግጥም ጥናት ዕድሜውን የሰጠ ሰው መሆኑም ከዚህ ጋር የሚስማማ ነው።

6. አባዜው የማን ነው?

ፍቅርና አባዜ በሁለቱም መጻሕፍት አብረው ይሄዳሉ፤ አባዜው ግን የተዋዳጆቹ ብቻ አይደለም። ይህን ሳያዩ ንጽጽሩን መጨረስ አይቻልም።

በሐዲስ መጽሐፍ በመጀመሪያ በአባዜ የተያዙት ሌሎች ናቸው። ፊታውራሪ መሸሻን የያዛቸው የዘር ክብር ነው። ለልጃቸው የሚመጥን ሰው እያጡ፣ የመጣውን ሁሉ እየመለሱ፣ የጋብቻዋን ዕድሜ አሳለፉ፤ በባላገሩም ላይ ከልማድ ውጭ ግብር ሊጭኑ ሞክረው በአበጀ በለው መሪነት ዐመፅ ተነሣባቸው። በአንድ በኩል ልጅን ለሰው አለመስጠት፣ በሌላ በኩል ከሰው ያለ ልክ መውሰድ፣ ሁለቱም ከአንድ ምንጭ የፈለቁ ናቸው። የበዛብህን ወላጆች የያዛቸው ደግሞ ስእለቱ ነው፤ ከፍቅር የመነጨ ስእለት ልጁን ገና በጨቅላነቱ ከራሱ ፈቃድ ለየው። ከነዚህ አጠገብ ሲቀመጥ የበዛብህና የሰብለ ወንጌል ፍቅር በመጠኑ የተረጋጋ ነገር ይመስላል።

ሐዲስ ይህን አጥብቆ ያሳየበት አንድ ሌላ ሰው አለ። ካሣ ዳምጤ ልማዱ ሁሉ መመርመር እንዳለበት በመናገሩ ሰዎች «ጉዱ ካሣ» ብለው ሰይመውታል። ከሁሉ ይበልጥ አጥርቶ የሚያየው ሰው የእብድ ስም ተሰጠው፤ ቤቱንና አገሩን በክብር አባዜ የሚያምሰው ሰው ደግሞ የጨዋ ስም ይዞ ኖረ። በዚያ ማኅበረሰብ ማበድ የሚባለው ከልማድ መውጣት እንጂ በልማድ መያዝ አልነበረም።

የፋራሕም ታሪክ ጠንክሮ ሲነበብ ወደዚሁ ያመራል። ዓውራላ ፈቃዷ ሳይጠየቅ ለባለጸጋ ትዳራለች። ይህን ያደረገው የዓሊማሕ መሃይምነት አይደለም፤ የጋብቻን ቃል የሚሰጡት ዘመዶችና የሀብት ሚዛን ናቸው። ዓሊማሕ ደብዳቤውን በራሱ ዓይን ቢያነበው ኖሮ ምሥጢሩ ይጠበቅ ነበር፤ ዘመዶቿ ግን ለእርሱ ይሰጧት ነበር ማለት አይደለም። ዓውራላ በፍቅሯ መጽናቷ፣ ሌሎች ልክፍት ሊሉት የሚችሉት ነገር፣ በመጽሐፉ ውስጥ ፈቃድ ያላት ሰው መሆኗን የምታሳይበት ብቸኛ መንገድ ነው። ማግባት የማትፈልገውን እንድታገባ የተገደደች ሴት በእጇ የቀረላት የምትወደውን መምረጥ ብቻ ነበር።

ስለዚህ በመግቢያው የተነሣው ጥያቄ መልስ ያገኛል። የሶማልኛው ርእስ የሚከሰው ተከሳሽ ከታሪኩ ይልቅ ጠባብ ነው። አለማወቅ ደብዳቤውን አጋለጠ፤ ሴቲቱን ግን ያለ ፈቃዷ የዳረው ዐዋቂም ሆነ መሃይም የተስማማበት ሥርዓት ነው። «ፍቅር እስከ መቃብር» ለዚህ ምስክር ይቆማል። የጎጃሙ ታሪክ ከሶማሌው ታሪክ ስምንት ዓመት ያህል ቀድሞ ቢጻፍም፣ ጎን ለጎን ሲነበቡ «ተዋዳጆቹ ቢማሩስ?» ለሚለው ጥያቄ መልስ ሆኖ ይገኛል። ቢማሩም፣ የሚወስንላቸው ሌላ ሰው እስካለ ድረስ ፍጻሜያቸው አይለወጥም።

7. ሁለት ርእሶች

ልዩነቱ በሁለቱ ርእሶች ሰዋስው ውስጥም ተጽፏል። የሶማልኛው ርእስ ሙሉ ዓረፍተ ነገር ነው። «አቆን» ዕውቀት ነው፤ «ደሮ» እጦትን የሚያመለክት ቅጥያ ሆኖ ከስም ላይ ረቂቅ ስም ይሠራል። «ዋ» ነገሩ ማረጋገጫ መሆኑን የሚያውጅ ቃል ነው፤ «ኡ» «ለ» እንደ ማለት ሲሆን ጠላትነቱ ለማን እንደ ሆነ ያመለክታል። ግሥ ባይኖረውም ፍርዱ የተሟላ ነው፤ ባለቤቱ ታውቋል፣ ተከሳሹ ተሰይሟል። የምሳሌያዊ አነጋገር ቅርጽ ያለው ርእስ ስለሆነ አንባቢው መጽሐፉን ሳይከፍት ትምህርቱን ይዞ ይሄዳል።

ይህን ወደ አማርኛ መመለስም የቃል ምርጫ ይጠይቃል። «ድንቁርና» ቢባል ዓሊማሕን የሚንቅ ይሆናል፤ «መሃይምነት» ቢባል ነገሩ ወደ ፊደል ብቻ ይጠባል። «አለማወቅ» በአሉታዊ አርእስተ ግሥ ስለሚሠራ የሰውየውን ጠባይ ሳይሆን የጎደለውን ድርጊት ይናገራል፤ ስለዚህ ለሶማልኛው የስም ግንባታ በቅርጽ የራቀ ቢሆንም በመንፈስ የቀረበ ነው።

የአማርኛው ርእስ በተቃራኒው ዓረፍተ ነገር አይደለም። ስምና መስተዋድዳዊ ሐረግ ብቻ ነው፤ ማሠሪያ የለውም። ፍቅር እስከ መቃብር ምን ሆነ? ዘለቀ? ወሰደ? አበቃ? ርእሱ አይናገርም። «እስከ» ራሱ ድንበሩን ይጨምር ወይም ያስቀር እንደ ሆነ ዐውዱ ካልፈታው አይታወቅም፤ «እስከ እሑድ» ሲባል እሑድ መግባቱ ሁልጊዜ ግልጽ እንዳልሆነ ሁሉ። የሰብለ ወንጌል ምንኩስና ለዚህ አሻሚነት መልስ ይሰጣል፤ እርሷ ከመቃብሩ አጠገብ በመኖሯ መቃብሩ የፍቅሩ ፍጻሜ ሳይሆን መኖሪያው ሆነ። ሐዲስ በርእሱ ማንንም አልከሰሰም፤ ክሱን ለታሪኩ ተወው።

8. መደምደሚያ

ሁለቱ ቋንቋዎች ብርቱ ፍቅርን በአንድ ሰዋስው ይናገራሉ፤ ፍቅር ይይዛል፣ ሰው ይያዛል። ሁለቱ ልብ ወለዶች ይህን ተቀብለው ጀምረው ከዚህ አልፈዋል። ሰዎቹን የገደላቸው የያዛቸው ፍቅር እንዳልሆነ አሳይተዋል። ፋራሕ ጥፋተኛውን በፊደል እጦት ውስጥ ፈለገ፤ የኖረበት ዓመትና የቋንቋው አዲስ ፊደል ይህን እንዲያይ አድርገውታል። ሐዲስ ፊደል ለብዙ ዘመን ከነበረበት አገር ስለመጣ ፊደል ብቻውን የማያድን መሆኑን ያውቅ ነበር፤ ስለዚህ ጥፋቱን ማን በማን ላይ ይወስናል በሚለው ውስጥ አገኘው።

ሁለቱን መጻሕፍት በየቋንቋቸው ብቻ ያነበበ አንዱን የማኅበራዊ ሥርዓት ነቀፋ፣ ሌላውን የመሠረተ ትምህርት ትምህርታዊ ታሪክ ሊለው ይችላል። አንድ ላይ ሲነበቡ ግን አንዱ የሌላውን ያሟላል። የጎጃሙ ታሪክ የሶማሌውን ርእስ ያርማል፤ የሶማሌው ታሪክ ደግሞ በጎጃሙ ውስጥ እንደ ቀላል የታለፈችውን ነገር ያጎላል፦ ሰብለ ወንጌል ተምራለች፣ ደብዳቤ ቢደርሳት ሦስተኛ ሰው አያስፈልጋትም ነበር። ዓሊማሕ ይህን አላገኘም። ፊደል ሰብለ ወንጌልን ከሞት አላዳናትም፤ ለበዛብህ የነበራትን ፍቅር ግን የሌላ ሰው አፍ ሳይነካው በራሷ ቃል እንድታውቀው አድርጓታል።